በክንዴ የለየሁት ሐረግ

ሽታው ከልጅቷ ቀድሞ ገባ። ሰበታ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ምስር እየለቀምኩ ነበር። የግቢው በር ተንኳኳና ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ አንዲት ቀጭን ልጅ ቦርሳዋን አቅፋ ገባች። ቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ቅጠል ኖሯል፤ በመንገድ ታሽቶ ሽታው እንደ ሰናፍጭ አፍንጫዬን ወጋኝ፣ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ልጅቷ ያለቀስኩ መሰላት። አላለቀስኩም። የታሸ የአዞ ሐረግ ያሸተተ ሁሉ ያነባል፤ ሌላ ነገር የለውም።

«አስካለ አንቱ ነዎት እማማ?»

«አስካለ ነኝ። እማማውን ተዪውና ምን ፈልገሽ ነው?»

ሜሮን እባላለሁ አለች። የዕፅዋት ተመራማሪ ናት፤ አንድ ሐረግ ፍለጋ ሦስት ክረምት ተንከራታለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችኝ። በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ የተሰፋ የደረቀ ሐረግ ነው፤ ዘሮቹ ረጃጅም ጭራ አላቸው፣ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንጨፍረዋል። ከግርጌው ትንሽ መለያ ወረቀት ተለጥፏል።

«ይህ ሐረግ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ተገኘ የተባለው በዚህ አንድ ወረቀት ብቻ ነው» አለችኝ። «ቦታው ሱሉልታ ይላል። ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ያልረገጥኩት ወንዝ ዳር የለም። ተራው የአዞ ሐረግ ሞልቷል፤ ይህኛውን ግን አጣሁት። ሰብሳቢው መምህር ሰይፉ ደግሞ አርፈዋል።»

«አውቃለሁ» አልኳት። ለቅሶው ላይ ግን አልነበርኩም።

እሷ መለያውን ታሳየኛለች፤ እኔ የማየው ስፌቱን ነበር። ጥቁር ክር፣ በመስቀለኛ፣ በየአንጓው ሁለት ሁለት ጊዜ። የመጨረሻው ቋጠሮ በግራ በኩል ተቋጥሯል። የሰፋችው ልጅ ግራኝ ነበረችና።

«የኔን ስም ማን ሰጠሽ?»

«ከመምህር ሰይፉ ጋር ይሠሩ የነበሩ የድሮ ዶክተር የመስክ ደብተር ላይ አገኘሁት። ከዚያ መምህሩ ያስተምሩ ወደነበረበት ቡራዩ ሄጄ ሱቅ ለሱቅ ጠየቅኩ።»

«ደብተሩን አምጪና እናወራለን» ብዬ ሸኘኋት። ምስሩ ሳይለቀም መሸ።

ያ ሐረግ በተሰፋበት ዓመት ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ቡራዩ ነው፤ ከአምቦ መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ማሳው አልቆ ገደሉ የሚጀምርበት ጫፍ ላይ። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ኦቦ ቱሉ ይኖሩ ነበር። ጭርት፣ ኪንታሮትና እብጠት ያከማሉ። ከበቾም ከመናገሻም ሰው ይመጣባቸዋል። መድኃኒታቸው አንድ ነበር፤ እኛ የአዞ ሐረግ የምንለው፣ እሳቸው በኦሮምኛ ፊቲ የሚሉት። ዳሌያቸው ተጎድቶ ገደል መውረድ ካቆሙ በኋላ የሚቆርጥላቸው ሰው አስፈለጋቸው። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ እኔን መረጡ።

«ለምን እኔን?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አፍሽ ጠባብ ነው» አሉኝ። ስድብ መስሎኝ ሳምንት ሙሉ በእናቴ መስታወት አፌን ሳይ ሰነበትኩ።

ሥራው ሕግ ነበረው። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት፣ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ወርጄ፣ ሳልነጋገር መመለስ አለብኝ። ሐረጉ ያለበትን ቦታ ለማንም አልናገርም። ቦታው የተነገረ መድኃኒት ይከሽፋል። ይህን እጄን መሬት ላይ አስነክተው አስማሉኝ።

መውረዱ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ሰላምታው ነው። መንገዴ ላይ እትዬ ዘይነባ የሱቃቸውን መዝጊያ ሲከፍቱ አገኛቸዋለሁ።

«አካም ቡልቴ አስካለ!»

ዝም።

«አንቺ ልጅ! አደርሽ ወይ እያልኩሽ እኮ ነው!»

አንገቴን ደፍቼ ማለፍ።

«ኧረ ጉድ! ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ ምላስ ይቆረጣል እንዴ?»

ነገሩን ለእናቴ ነገሯት። እናቴም ገረፈችኝ፤ ያሳደገ ሰው ይሰደባል ብላ። ምክንያቴን እንዳልናገር ምክንያቱ ራሱ አይነገርም። ማስነጠስም እንደ ንግግር ይቆጠር እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሰው መጠየቅም አልችልም። አንድ ቀን ሸክሜን ይዤ ስወጣ አስነጠሰኝ። የቆረጥኩትን ሁሉ ጥዬ፣ ከቤታችን ደጃፍ እንደገና ተነስቼ፣ ገደሉን ሁለተኛ ወረድኩ። ትምህርት ቤት የደረስኩት ሰዓት አልፎ ነው። ለዚያም ተገረፍኩ።

ኦቦ ቱሉ ያስተማሩኝ ነገር ግን እውነት ነበር። ይህን አልክድባቸውም። ሰው ሁሉ የአዞ ሐረግ አንድ ነው ይላል፤ እሳቸው ሁለት ነው ይሉ ነበር፤ ሰነፉና ኃይለኛው። ሰነፉ በየአጥሩ፣ በየቁጥቋጦው ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣል። ኃይለኛው ገደሉ ውስጥ፣ አንዲት አሮጌ ወይራ ላይ ብቻ ነበር። ዘር ሲይዝ የኃይለኛው ጭራ ይረዝማል፤ ቅጠል ብቻ ሲሆን ግን በዓይን አይለዩም። የሚለዩት በክንድ ነው። ቅጠሉን አሽተው በክንዴ የውስጥ ገጽ ላይ ይደፉትና «ቁጠሪ» ይሉኛል። ሰነፉ መቶ ቆጥሬም እምብዛም አይሰማኝም። ኃይለኛው ሃያ ሳልደርስ ይነዳል፤ ካላነሱት ቆዳው ውሃ ይቋጥራል። መጀመሪያ ቀን ጀግና ነኝ ብዬ ሃምሳ ድረስ ቆጠርኩ። ክብ ጠባሳው አሁንም ግራ ክንዴ ላይ አለ።

«ኃይለኛው ወንዴው ነው?» ብዬ ነበር።

«እናንተ ቤት ኃይለኛው ማነው?»

«እናቴ።»

«እንግዲያማ ምን ትጠይቂኛለሽ!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቴ የእኔን ትምህርት በተመለከተ ሐሳቡን የጨረሰው ገና በመስከረም ነበር። ሰባተኛ ክፍል በእኛ ትምህርት ቤት የለም፤ አዲስ አበባ መግባት ያስፈልጋል። «ስድስተኛን ከጨረሰች ይበቃታል» አለ፤ እኔ እግሩን እያጠብኩ፣ ከበላዬ ለእናቴ። «ሴት ልጅ ጠዋት ወደ ከተማ ሄዳ ማታ ማን ሆና እንደምትመለስ አይታወቅም።» እናቴ ዝም አለች። የኃይለኛዋ ኃይል በእኔ ላይ እንጂ በእሱ ላይ እንደማይሠራ ያን ማታ ገባኝ።

መምህር ሰይፉ የሳይንስ አስተማሪያችን ነበር። ወጣት ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ በክረምት እንኳ ጭቃ የማይነካው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አንድ የዕፅዋት ዶክተር ቅዳሜ ቅዳሜ መናገሻ ጫካ ይሄዱ ስለነበር እሱ መንገድ ይመራቸዋል። ከእሳቸው ዘንድ ሥራ ማግኘት ይመኝ እንደነበር ልጆች እንኳ እናውቃለን። አንድ ቀን ክፍል ገብቶ፣ «ዶክተሩ እዚህ አካባቢ ያላዩትን ተክል ለሚያመጣልኝ ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍሉን ነገር ለእኔ ይተወው» አለ። «አዲስ አበባ እህቴ ቤት ያርፋል፣ ትምህርት ቤትም አስገባዋለሁ።»

በማግስቱ ክፍሉ ጫካ ሆነ። ቀጋ መጣ፣ እንዶድ መጣ፣ ግራዋ መጣ። አንዱ የእናቱን ጎመን ከነሥሩ ነቅሎ አመጣ። «ይህንን ዶክተሩ በልተውታል» አለው መምህር ሰይፉ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። እያሰብኩ ነበር።

መሐላዬን እንደ ጠበቃ ሳገላብጠው ሰነበትኩ። የማልኩት ቦታውን ላለመናገር ነው። ተክሉን ላለማሳየት አልማልኩም። ተክል ቦታ አይደለም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን ካገኘች በቂ ይመስላታል። ኅዳር ላይ፣ ዘሩ ጭራ ሲያወጣ፣ ከወይራዋ ላይ አበባም ዘርም የያዘ አንድ ክንድ ያህል ቆርጬ ወሰድኩለት። በመንገዴ ለእትዬ ዘይነባ መልስ አልሰጠሁም፤ ከልማድ የተነሳ።

«ይህማ የአዞ ሐረግ ነው» አለ መምህር ሰይፉ፣ ሊጥለው።

«ሁለት ነው» አልኩት። ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። «ጭራውን እዩት።»

አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ስሜን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታወሰ ይመስል።

ሐረጉን በጋዜጣ መካከል አስተኝተን፣ በሁለት ጣውላ አጣብቀን፣ ድንጋይ ጫንበት። ጋዜጣው በየቀኑ መቀየር አለበት። እትዬ ዘይነባ ስኳር ከሚጠቀልሉበት ላይ እየለመንኩ አመጣለሁ። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ጠመኔ፣ የአይጥ ሽንት፣ እየሞተ ያለ ቅጠል። ይህ ሁሉ የሚደርቀው አዲስ አበባ ላለ አንድ በጣም ትልቅ በሽተኛ መድኃኒት እንዲሆን ይመስለኝ ነበር። ይህን ያህል ቅጠል የሚያስፈልገው ሰው ስንት በሽታ ቢኖርበት ነው ብዬ አዝንለት ነበር።

ሐረጉ ሲደርቅ ወረቀቱ ላይ መሰፋት ነበረበት። መምህር ሰይፉ መርፌውን ሁለት ጊዜ ጣቱ ላይ ሰካውና፣ «እስቲ አንቺ ስፊው፤ የሴት ሥራ ነው» አለኝ። እናቴ ትራስ ስትጠልፍ እንዳየሁት፣ በመስቀለኛ፣ በየአንጓው ሁለት ሁለት ጊዜ ሰፋሁት። እንዲህ አሳምሬ የሠራሁት ነገር አልነበረኝም።

ዶክተሩ በላንድሮቨር መጡ። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ሱሪያቸው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል። ይህም ገረመኝ፤ ትልቅ ሰው የተጣፈ ሱሪ ይለብሳል እንዴ ብዬ። ሐረጉን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኔን አጠገባቸው አስቀምጠው ከደረቁት አበቦች አንዱን በመርፌ ከፈቱት።

«ይህ ነጩ የአበባው ቅጠል ይመስልሻል፤ አይደለም» አሉኝ። «ሽፋኑ ነው። ይህ ወገን የአበባ ቅጠል የለውም፤ ሽፋኑ ነው አምሮ የሚታየው። እሾህም የለውም፣ መያዣም የለውም። በቅጠሉ አንገት የሰው ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ነው የሚወጣው።»

ካርታ ዘረጉ። አንደኛው የአዞ ሐረግ ከእኛ ደጋ ጀምሮ በኬንያና በታንዛኒያ ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ወደ ምዕራብም እስከ ካሜሩን ተራሮች እንደሚገኝ በጣታቸው አሳዩኝ። ባለ ረጅም ጭራው ግን ከእኛ አገር ደጋ ውጭ ብዙም አይታወቅም አሉ። ካርታው ላይ ነጠብጣብ ነበር። «እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ሰው ቆሞ የቆረጠበት ቦታ ነው።»

ነጥብ መሆን ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

«አንቺ በምን ለየሽው?» ሲሉኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ጠባሳውን አሳየኋቸው፤ ቁጥሩንም ነገርኳቸው። አልሳቁብኝም። ደብተራቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ከዚያ ጠየቁኝ፤ «የት ነው ያለው?»

መሬት የነካች እጄ ጉልበቴ ላይ ነበረች። ሱሉልታ የእናቴ ዘመዶች አሉ፤ አንድ ጊዜ ለሠርግ ሄደናል። «ሱሉልታ» አልኩ። «ወደ ጫንጮ ሲኬድ በስተግራ፣ ወንዙ ዳር፣ ወይራ ላይ።» ወይራዋ እውነት ናት። ያዛወርኳት ቦታዋን ብቻ ነው።

የመምህር ሰይፉ ድምፅ ከኋላዬ መጣ። «አዎ ዶክተር። ሄጄ የቆረጥኩት እኔ ራሴ ነኝ። እሷ መንገዱን አሳየችኝ።»

ዞሬ ጫማውን አየሁት። ያ ጫማ የሱሉልታን ጭቃ አይቶ አያውቅም። እሱም አየኝ። እኔ የእሱን ውሸት ካወጣሁ የእኔም ይወጣል። እሱ ደግሞ የእኔን ውሸት አያውቅም፤ የሌለ ቦታ ላይ ቆሞ እንደቆረጠ በገዛ አፉ መመስከሩን አያውቅም። ወደ ካርታው ዞርኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዶክተሩና እሱ ሱሉልታ ሄዱ። እኔን አልወሰዱኝም። ሰኞ ጠዋት መምህር ሰይፉ ዕቃ ቤት ጠራኝ፤ ጫማው በጭቃ ተበላሽቶ ነበር።

«የት ነው ያመጣሽው?»

«ሱሉልታ።»

«ወንዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩ አስካለ! ፍየል በልቶት ይሆናል አልኳቸው። ሽማግሌው ዝም ብለው አዩኝ። አየሽ፣ እንደ ሌባ ነው ያዩኝ!» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ። እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ። እውነተኛውን ቦታ አሳዪኝና ለእህቴ የዚያኑ ቀን ደብዳቤ እጽፋለሁ። አለበለዚያ አባትሽ ያለው ይሆናል።»

አባቴ ያለውን እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅኩትም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ረቡዕ ኦቦ ቱሉ ዘንድ ሄድኩ። ከመሐላዬ እንዲፈቱኝ ልለምን ነው። በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «አካም ቡልተን ኦቦ ቱሉ» አልኳቸው። አልመለሱም። ሁለተኛ አልኳቸው። እኔ እትዬ ዘይነባን እንደማልፋቸው አለፉኝ፤ እኔ ግን የማልፈው በእሳቸው ሕግ ነበር።

«ዘይነባ ነገረችኝ» አሉ በመጨረሻ። «አስካለ ሐረግ በጋዜጣ አስተኝታ ታደርቃለች ብላ ሳቀች። እሷ አታውቅም። እኔ ግን አወቅሁ።»

«ቦታውን አልተናገርኩም። ሱሉልታ ነው ያልኩት።»

«ኃይለኛውን ሰጥተሻቸዋል። ምን ቀረ?»

«ሰባተኛ ክፍል ሊያስገቡኝ ነው ኦቦ ቱሉ። አባቴ እምቢ ብሏል። ሌላ ምንም የለኝም።»

በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። «ሂጂ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ። ከእንግዲህ ሰላም በዪ፣ ሳቂ፣ አውሪ። አፍሽ ተፈቷል።» በሩን ዘጉት። መድኃኒቱ መክሸፍ አለመክሸፉን እንኳ በክንዳቸው አልሞከሩም። ገደሉን መውረድ ስለማይችሉ ከዚያ ወዲህ ሰነፉን ከአጥራቸው ላይ እየቆረጡ ይሰጡ ጀመር። የታከመው ሰው አልድን ሲል፣ «ያቺ ልጅ ተናግራብኝ ከሸፈ» አሉ። ይህ ወሬ ቡራዩን ሁሉ ዞረ። እናቴ ጆሮም ደረሰ።

ዓርብ ዕለት ልናገር ወስኜ ሄድኩ። ይህን ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ። አንደኛው በር ተዘግቶብኛል፤ ሁለተኛው እንዲከፈት ገደሉን፣ ወይራዋን፣ ሁሉንም ልሰጥ ነበር። ዕቃ ቤቱ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱ አለ፤ ስፌቴ ያለበት። ከግርጌው መለያው ተለጥፏል። በዚያ በሚያምር የጥቁር ሰሌዳ ፊደሉ፣ «ቦታ፦ ሱሉልታ። ሰብሳቢ፦ ሰይፉ» ይልና የአባቱ ስም ይከተላል። አገላብጬ ጀርባውን አየሁት። ጀርባው ባዶ ነው። የእኔን ስም የሚይዝ ቦታ ሞልቶት ነበር።

መምህር ሰይፉ ከኋላዬ ገባ። «እህስ?»

«ሱሉልታ» አልኩት።

ለኦቦ ቱሉ ታምኜ ነው ብል ለእኔ ክብር ነበር። አይደለም። ለሁለቱም እንዳይሆን ነው ያልኩት። አንደኛው መድኃኒቱን አላገኘም፣ ሌላኛው ቦታውን አላገኘም፤ እኔ ደግሞ ሰባተኛ ክፍልን አላገኘሁም። በፈተናው ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ። መምህር ሰይፉ በዓመቱ መጨረሻ የደረቁ ተክሎች የሚቀመጡበት ቤት ሥራ አግኝቶ ሄደ። እኔ ቤት ዋልኩ። ከዚያ በኋላ የኖርኩትን አልጽፍም፤ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ሜሮን ሰኔ ላይ ተመልሳ መጣች። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስታለች። የዶክተሩ ጽሑፍ ጠማማ ነው፤ መነጽሬን አድርጌ በራሴ አነበብኩት። «አስካለ የምትባል ልጅ ሁለቱን በክንዷ ትለያለች። ቦታውን እሷን ለብቻዋ መጠየቅ።»

ዶክተሩ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ይህ ደስ ያሰኘኛል ብላ ነው ልጅቷ ያሳየችኝ፤ እኔን ይባስ አነደደኝ። ቡራዩ ለላንድሮቨር ምን ያህል ነው? ለብቻዬ የጠየቀኝ ማንም አልነበረም።

«ቡራዩ ነው» አልኳት። «ሱሉልታ ላይ በቅሎ አያውቅም።»

«ሦስት ክረምት» አለች። «እትዬ አስካለ፣ ሦስት ክረምት! ለምን ዋሹ?»

«ልጅ ነበርኩ። በኋላ ደግሞ የጠየቀኝ የለም።»

አብረን ሄድን። ማሳው ቤት ሆኗል፣ ገደሉ ጫፍ ድረስ ፎቅ ወጥቷል፣ ወይራዋ የነበረችበት የገደሉ ወገብ ተደልድሎ የብረት በር የሚበይዱ ሰዎች ሰፍረውበታል። እውነቱን በጊዜው ብናገር ኖሮ ሐረጉ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ አሰብኩ። አይመስለኝም። ለሐረግ ብሎ ዶዘር ያቆመ ቡራዩ ላይ አላየሁም።

ከብየዳው ቤት ጀርባ፣ የቆርቆሮው አጥር ላይ፣ አንድ ሐረግ ተጠምጥሟል። ቅጠል ብቻ ነው። ሜሮን ገልበጥ አድርጋ አየችውና ትከሻዋ ወረደ። «የአዞ ሐረግ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን በዚህ ወቅት፣ ያለ አበባና ያለ ዘር፣ ልለየው አልችልም። ተራው ነው የሚሆነው።» ስለ ወይራዋ ልትጠይቅ ወደ በያጆቹ ሄደች።

ቅጠል ቆረጥኩ። አሸሁት። ዓይኔ አነባ። እጅጌዬን ከፍ አድርጌ፣ ከአሮጌው ጠባሳ አጠገብ ደፍቼ ያዝኩትና በልቤ ቆጠርኩ። አሥራ አራት ላይ ነደደኝ።

ቅጠሉን ጣልኩ፤ እጅጌዬን አወረድኩ። ልጅቷ ስትመለስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዝም ማለትን የተማርኩት እዚሁ ነው።

«ወይራ ነበረ የሚል ሰው የለም» አለች። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። «ቢያንስ ወረቀቱን እናርመዋለን።»

«ያን መለያ ቀደሽ ትጥዪዋለሽ?»

«አይቻልም። የድሮው አይነሳም። አዲስ ቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከጎኑ ይለጠፋል። ሁለቱም እንዳሉ ይቀመጣሉ።»

«ጻፊው እንግዲያ።»

«ቢሮ ስገባ...»

«አሁን። እኔ እያየሁ።»

ፊቴን አየችና ከቦርሳዋ ባዶ ቁራጭ ወረቀትና እስክርቢቶ አወጣች። አዘነችልኝ መሰለኝ፤ ተክሉ ለጠፋባት አሮጊት ስም መስጠት ምን ይጎዳል ብላ። ያኔ ተክሉን አስቀድሜ ሰጥቼ ቃል የተገባልኝን ስጠብቅ ቀረሁ። ሁለተኛ አላደርገውም።

«ቦታ፣ ቡራዩ» እያለች ጻፈች። «ሱሉልታ የተባለው ስህተት ነው።»

«ስህተት አይደለም፣ ውሸት ነው። ልጅቷ ዋሸች፣ መምህሩም እዚያ ሄጄ ቆረጥኩ ብሎ ዋሸ በዪ።»

«እንዲህ ተብሎ አይጻፍም እኮ እትዬ...»

«አንቺ ጻፊው።»

ጻፈች። «በክንድ መለየትን ያስተማረዎት ሰው ስምስ?» አለችኝ። የኦቦ ቱሉን ስም አልሰጠኋትም። ስሜን ጻፉልኝ የሚሉ ሰው አልነበሩም፤ በዚህ ብቻ እንኳ ቃላቸውን ልጠብቅላቸው።

«ሰብሳቢ?»

«አስካለ። ቆረጠችው፣ ለየችው፣ ሰፋችው።»

የአባቴንም ስም ጠየቀችኝ። ትንሽ አሰብኩና ነገርኳት፤ ያለ እሱ አይሞላም አለችኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ቀኑ ጎድሎ ነበር፤ አስሞላኋት። አስፈረምኳት። ከዚያ ቁራጩን መልሼ ሰጠኋት፣ ደብተሯ ውስጥ አድርጋ ስትዘጋው አየሁ።

ከዚያ በኋላ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ቆዳዬ ቀልቶ ውሃ መቋጠር ጀምሯል።

«ነይ» አልኳት፣ ወደ ቆርቆሮው አጥር እየተነሳሁ። «ክንድሽን አምጪ። ቁጠሪ።»